ፍላሽ እንጂ ክላሽ አይደለም

ዋጃ ላይ «ብርሃን አነሰኝ» የሚል ሰው ቢገኝ፣ ፀሐይ መትታው ነው ይባላል። ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ ናት፤ አስፋልቱ የራያን ሜዳ ሰንጥቆ ያልፋል። በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በስተምዕራብ የደጋው ገደል አለ፤ በመካከል ያለው ማሽላና ፀሐይ ነው። ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ ሰው ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ከጥላ ወደ ጥላ እየተሻገረ ነው። ውሻው ሳይቀር የቆመ አይሱዙ ሥር ቦታ ይዟል። እንዲህ ባለ አገር፣ ይኼ ያነሰ ይመስል ተጨማሪ ብርሃን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞር ፍጡር ቢኖር የሰርግ ፎቶ አንሺ ብቻ ነው።

ወዳጄ ከእነዚህ አንዱ ነው። እኔ ፎቶ አላነሳም። የእኔ ሥራ ቦርሳ ማቀበልና አስተያየት መስጠት ነው፤ ሁለተኛውን ማንም አልጠየቀኝም። ታዲያ በሰርግ ሰሞን የወዳጄ ጭንቀት ስለ ሙሽሮቹ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። ስለ ቀብድም አይደለም፤ ቀብዱን ሌንስ ገዝቶበታል። የሚያስጨንቀው ብራኬት ነው፤ ፍላሹን ከካሜራው አናት ላይ አንሥቶ ትንሽ ከፍና ራቅ አድርጎ የሚይዝ ክንድ። ስለዚህ ክንድ ያወራውን ያህል ስለ ትዳር ቢያወራ ኖሮ ይኼን ጊዜ የራሱን ሰርግ ሌላ ሰው ባነሣለት ነበር።

መጀመሪያ ግን የቀትሩን ነገር ልንገራችሁ፤ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ የሚያስቀው እሱ ነውና። ወዳጄ በጠራራ ፀሐይ ሙሽሮቹን አቁሞ ፍላሹን ቦግ ሲያደርግ፣ ከዳር የቆመ አንድ ሰው አይጠፋም፤ «አንተ ልጅ፣ ይኼ ሁሉ ፀሐይ አልበቃህም?» ይለዋል። ጥያቄው ከዋጃ ሰው መምጣቱ ተገቢ ነው፤ መልሱም ከዋጃ ፀሐይ ይመጣል። አናት ላይ የቆመች ፀሐይ ግንባርንና አፍንጫን ታበራና ዓይንን ታጨልማለች። ሙሽራዋ ሌሊቱን በሙሉ ስትኳል ያደረችው ዓይን ፎቶው ላይ ሁለት ጉድጓድ ይሆናል። ፍላሹ የሚገባው ያንን ጉድጓድ ሊሞላ ነው። ነሐሴ 16 ቀን የራያ ቆቦ ልጃገረዶች ሶለል በተባለው በዓላቸው አደባባይ ሲወጡ ወዳጄ ከሰርግ ሁሉ ይልቅ የሚቸገረው ለዚህ ነው፤ ነጭ ቀሚስ፣ ጠይም ፊት፣ ቅቤ የጠጣ ሹሩባ፣ ሁሉም ከአንድ ፀሐይ ሥር። በዚያ ላይ አብዛኞቹ ካሜራዎች በተለመደው አሠራር ከፍላሽ ጋር ሲሠሩ ከ1/200 ወይም ከ1/250 ሰከንድ በላይ አይፈጥኑም። ፀሐይዋ በበኩሏ አልደበዝዝም ትላለች። በዚህ መካከል የሚላላከው ፎቶ አንሺው ነው።

የብራኬቱ ነገር የሚመጣው ዳሱ ውስጥ ሲገባ ነው።

ከውጭ የሚመጡ የፎቶ ትምህርቶች ሁሉ አንድ ምክር አላቸው፤ ፍላሹን ሰው ፊት ላይ አትተኩስ፣ ወደ ጣሪያ አዙረው፣ ብርሃኑ ነጩን ኮርኒስ ነክቶ ለስልሶ ይወርድልሃል ይላሉ። ምክሩ እውነት ነው፤ ለኮርኒስ ባለቤቶች። የዋጃ ዳስ ግን የባሕር ዛፍ ምሰሶ ነው፤ ከላይ ሸራ ነው። ሸራው ደግሞ ሰማያዊ ነው፤ ካልሆነ አረንጓዴ ነው፤ ካልሆነ ከሁለቱም የተሰፋ ነው። ወደ ላይ የላካችሁት ነጭ ብርሃን ሸራውን ነክቶ ሲመለስ ቀለም ነክሮ ይመጣል። ከሰማያዊው ሥር የተቀመጠች ሙሽራ ፊቷ ሰማያዊ ይሆናል፤ ፎቶው ሲታይ የወንዱ ወገኖች በጎን እየተያዩ «ልጅቱ ጤነኛ ናት ብላችሁን አልነበር?» ማለት ይጀምራሉ። አረንጓዴው ይብሳል፤ እሱ ሽማግሌ ያስልካል። በቅጠል የተሠራ ያገር ቤት ዳስ ከሆነ ጭራሽ የሚመለስ ብርሃን የለም፤ ቅጠሉ ይበላዋል። ማታ ሜዳ ላይ ጭፈራ ሲደምቅ ደግሞ ጣሪያው ሰማይ ነው፤ ከዚያ ብርሃን ነጥሮ ተመልሶ አያውቅም።

አማራጩ ቀጥታ መተኮስ ነው። ቀጥታ ሲተኮስ ምን ይሆናል? ከእያንዳንዱ ሰው ጀርባ አንድ ጥቁር ሚዜ ይቆማል። ሙሽሮቹ የሚቀመጡት ከኋላቸው ሳቲን ጨርቅ ተወጥሮ፣ አበባ ተሰክቶበት፣ ወንበራቸው ጨርቁን ተደግፎ ነው፤ እናም የፍላሹ ጥላ በሙሉ የሚያርፈው እዚያ ጨርቅ ላይ ነው። ካሜራው በወርዱ ሲያዝ ፍላሹ ከሌንሱ በላይ ስለሆነ ጥላው ወደ ታች፣ ከትከሻ ጀርባ ይደበቃል። ይኼ ይቻላል። ወዳጄ ግን የሙሽራዋን ቬሎ እስከ እግሯ ሊያነሣ ካሜራውን በቁመት ሲያዞረው ፍላሹም አብሮ ይዞርና ጎን ላይ ይተኛል። ያን ጊዜ ጥቁሩ ሚዜ ከተደበቀበት ወጥቶ ከሙሽራዋ ጉንጭ አጠገብ ይቆማል። ሙሽራው የራያ ልጅ ሆኖ ጎፈሬውን አበጥሮ ሚዶውን ሰክቶ ከመጣማ፣ የጎፈሬው ጥላ ብቻውን ለሙሽራዋ ዘውድ ይደፋላታል።

ብራኬት የተፈጠረው ለዚህች አንዲት ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል፤ ካሜራው በወርድም ይያዝ በቁመት፣ ፍላሹ ሁልጊዜ ከሌንሱ በላይ እንዲቆም። ሻጮች ሌላም ይጨምራሉ፤ ብርሃኑን ያለሰልሳል ይላሉ። አያለሰልስም። ብርሃንን የሚያለሰልሰው የምንጩ ስፋት ነው፤ ያንኑ መዳፍ የምታህል ፍላሽ 20 ሳንቲ ሜትር ስላነሷት አትሰፋም። 3 ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው የ20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 4 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ጥላውን ግን ወደሚደበቅበት ይመልሰዋል፤ ለሰርግ ፎቶ አንሺ ይኼ ደመወዝ ነው።

ሁለተኛው ጥቅሙ የዓይን ቅላትን መከላከሉ ነው። ፍላሽ ለሌንስ በጣም ሲቀርብ፣ ብርሃኑ በዓይን ብሌን ገብቶ ከኋላ ያለውን በደም ሥር የተሞላ ክፍል ነክቶ ቀጥ ብሎ ወደ ሌንሱ ይመለሳል፤ ሰውየው ዓይኑ ፍም ይሆናል። በጨለማ ብሌን ስለሚሰፋ ማታ ይብሳል። ይኼንን የሙሽራዋ አክስት ፊት በሳይንስ ማስረዳት ከፈለጋችሁ እናንተው ሞክሩት። ወዳጄ የሚያውቃቸው አንዲት አክስት፣ ሚዜዎቹ ሁሉ ዓይናቸው ቀልቶ የወጣበትን ፎቶ አይተው ለካሜራው ሳይሆን ለልጆቹ ጠበል አዘዋል።

የፍላሽ ጣጣ የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1887 አዶልፍ ሚቴና ዮሐነስ ጌዲኬ የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን ማግኒዚየም ዱቄት ከሌላ ተቀጣጣይ ነገር ጋር ቀላቅለው በቅጽበት ቦግ የሚል ብርሃን ሠሩ። ወሬው ኒውዮርክ ሲደርስ ጄከብ ሪስ የሚባል ጋዜጠኛ ዱቄቱን ይዞ በሌሊት የድሆችን ሰፈር ሊያነሣ ወጣ። ፎቶዎቹ ዓለምን አነጋግረዋል። በመካከሉ ግን፣ ራሱ እንደተናዘዘው፣ ሁለት ጊዜ ቤት አንድ ጊዜ ደግሞ ራሱን አቃጥሏል። ይኼን ሰውዬ ከሸራ ዳስ ሥር፣ በግንቦት ሙቀት፣ ገለባ በተጎዘጎዘበት አስቡት! የኛው የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች፣ በምኒልክ ዘመን የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና እሱን የተኩት ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ፣ ቢያንስ ጣሪያ ያለው ቤት ነበራቸው። ወዳጄ ስማቸው በተነሣ ቁጥር በዚህ ይቀናባቸዋል።

ከዱቄቱ በኋላ አምፖል መጣ፤ አምፖሉን የሚይዝ ረጅም የብረት እጀታም መጣ። ከነዚህ እጀታዎች አንዱ፣ ግራፍሌክስ የሚባለው የአሜሪካ ጋዜጠኞች መሣሪያ፣ የደረሰበትን ስሙ። ስታር ዋርስ የተባለው የ1977 (እ.ኤ.አ.) ፊልም ሲዘጋጅ የፊልሙ ዕቃ አዘጋጅ ለንደን ውስጥ ካለ የፎቶ ዕቃ ሱቅ አሮጌ የግራፍሌክስ እጀታ አግኝቶ፣ ጥቂት ነገር ለጣጥፎ የጀግናውን የብርሃን ሰይፍ አደረገው። ሆሊውድ የፍላሽ እጀታ አይቶ ሰይፍ ታየው። ዋጃ ያንኑ ዓይነት ዕቃ አይቶ ሌላ ነገር ታየው።

ወዳጄ የመጀመሪያውን ብራኬት ሲያስመጣ የመረጠው ርካሹን ነበር፤ ካሜራው የሚቀመጥበት አንድ ዝርግ ብረት፣ ከጎኑ ቀጥ ያለ ጥቁር እጀታ፣ እጀታው አናት ላይ ፍላሹ፣ ከፍላሹ ወደ ካሜራው የተጠማዘዘ ሽቦ። እጀታው ለጣት ማረፊያ ቦታ ቦታ ተጎድጉዷል። ይኼን ይዞ ዳስ ሲገባ ከበር አጠገብ ጋቢያቸውን ደርበው የተቀመጡ አንድ አባት ትኩር ብለው ያዩታል።

«ና እስቲ ልጄ። ይኼ ስንት ይጎርሳል?»

«ኧረ አባባ፣ ፍላሽ ነው።»

«ክላሽማ አለመሆኑን አይቻለሁ፤ ክላሽ አሳየኝ አላልኩህም። ስንት ይጎርሳል ነው ያልኩህ።»

ወዳጄ አሰበ። ባትሪው አንዴ ከሞላ ስንት እንደሚያበራ ሻጩ ነግሮታል። «አምስት መቶ ያህል ይተኩሳል» አላቸው።

«አምስት መቶ!» አሉና ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። «ሰማህ? ሳይጎርስ አምስት መቶ። ካዝናው የት እንዳለ ግን ሊያሳየኝ አልፈለገም።»

ከዚያች ደቂቃ በኋላ በዚያ ዳስ ወዳጄ የተከበረ ሰው ሆነ። ሥጋው ቀድሞ መጣለት። ችግሩ ክብሩ ከዳሱ ውጭ አለመዝለቁ ነው። መንገድ ላይ ኬላ ባለበት ጊዜ ከቦርሳ ጥቁር እጀታ ብቅ ማለቱ ለማንም አይበጅም፤ ስለዚህ ያ ብራኬት ሲጓዝ እንደ ብልት ተፈታትቶ፣ እጀታው ከካልሲ ጋር፣ ዝርጉ ብረት ከላፕቶፕ ሥር ሆኖ ይሄዳል። ቢሆንም የሸጠው ለዚህ አይደለም። የሸጠው፣ እጀታው ያለው ከካሜራው ጎን ስለሆነ፣ ካሜራው በቁመት ሲዞር ፍላሹ አንዳንዴ ከላይ አንዳንዴ ከሥር እየሆነ ስላስቸገረው ነው። ከሥር የመጣ ብርሃን ሰውን ሁሉ የተረት ጅብ ያስመስላል።

የሚሻለው ዓይነት የሚገለበጥ ክንድ ያለው ነው። ካሜራውን በቁመት ስታዞሩ ክንዱን በአንድ እጅ ገፋ ታደርጉና ፍላሹ ተመልሶ ከላይ ይቀመጣል። ክንዱን ትቶ ካሜራውን ራሱን ውስጡ የሚያሽከረክር ዓይነትም አለ፤ እሱ ይበልጥ የተመቸ፣ ይበልጥ የከበደ፣ ይበልጥ የተወደደ ነው። ካሜራና ሌንሱ ብቻቸውን 2 ኪሎ ሊጠጉ ይችላሉ፤ ፍላሹ ግማሽ ኪሎ ይጨምራል፤ ብራኬቱ ሌላ ግማሽ። ይኼን ከጥዋት ጀምሮ የሴት ቤት፣ ከዚያ የወንድ ቤት፣ ከዚያ ጭፈራው እያለ ለተሸከመ ሰው እያንዳንዷ ግራም ከማታ በፊት ስሟ ይታወቃል።

ጭፈራው ደግሞ የራያ ጭፈራ ነው። ከዳር ቆማችሁ የምታነሡት እስክስታ አይደለም፤ ጎረምሶቹ ዱላቸውን ወደ ላይ አንሥተው ሲዘሉ መሬቱ ይመታል፤ ደህና ፎቶ ያለው መሐላቸው ነው። እዚያ መሐል ለገባ ፎቶ አንሺ ከካሜራው በላይ ስንዝር የወጣ ብረት የዱላ ዒላማ ነው። ወደ ጎን የወጣ ብሎን ሁሉ ደግሞ የነጠላ ዘርፍ ይይዛል። አንዲት ሴትዮ ነጠላቸው ከብራኬቱ ብሎን ጋር ተጠላልፎ ሦስት ዙር አብረው ጨፍረዋል፤ ቪዲዮው ላይ ሲታይ ታቅዶ የተደረገ ይመስላል። ስለዚህ የዋጃ ብራኬት ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት ምን ያህል ከፍ ይላል ሳይሆን ምን ያህል ይታጠፋል ነው። ብሎኑ የወጣ ነው ወይስ የሰጠመ? ጠርዙ ይቆርጣል? ሌላም አለ፤ ጥቁር ብረት ከዋጃ ፀሐይ ጋር ግማሽ ሰዓት ከዋለ በባዶ እጅ አይነካም። ወዳጄ የባጃጅ የውስጥ ጎማ ቆርጦ እጀታው ላይ ጠቅልሎበታል። ይኼን ምክር በየትኛውም የሻጭ መግለጫ አታገኙትም።

በመካከሉ የብየዳ ቤት ምዕራፍ አለ። አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ የሚመጣውም ዕቃ በፎቶው እንጂ በእጅ ታይቶ አይገዛም። «እዚሁ አሠራዋለሁ» አለ ወዳጄ። በያጁ አልጋ፣ በርና የውሃ ታንከር ማስቀመጫ የሚሠራ ጎበዝ ሰው ነው፤ ሥዕሉን አይቶ «ይኼማ መስኮት ነው» አለ። ከላሜራ ቆርጦ፣ ለሚገለበጠው ክንድ የመስኮት ማጠፊያ በይዶለት፣ ቀለም ቀብቶ አስረከበ። መጀመሪያ ያስቸገረው ካሜራውን የሚይዘው ብሎን ነው። የካሜራ ሆድ ላይ ያለው ቀዳዳ የዓለም ሁሉ ስምምነት ሆኖ ሩብ ኢንች ነው፤ 6.35 ሚሊ ሜትር። በያጁ እጅ ያለው 6 ሚሊ ብሎን ነው። የገባ ይመስላል፤ ይዞራል፤ ጥርሱ ግን አይገጥምም፤ ያንዱ ጥርስ ርቀት 1 ሚሊ፣ የሌላው 1.27 ነው። በዚህች ልዩነት ላይ የአንድ ካሜራ ዋጋ ተንጠልጥሏል። ትክክለኛው ብሎን ከተሰበረ የቻይና ትሪፖድ ላይ ተነቅሎ ተበየደ።

ብራኬቱ ሠራ። ጠነከረ። መኪና ቢሄድበት የሚጎዳው መኪናው ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ማጠፊያው ይጮኻል። ሽማግሌዎች ተነሥተው ሙሽሮቹን ሲመርቁ፣ ዳሱ ጸጥ ሲል፣ ወዳጄ ካሜራውን በቁመት ሊያዞር ክንዱን ይገፋል። «ውለዱ ክበዱ» ይላሉ ሽማግሌው፤ ከሕዝቡ «አሜን» ቀድሞ ብራኬቱ «ሲጢጥ» ይላል። «እህል ውሃችሁ ይባረክ» ይላሉ፤ «ሲጢጥ»። ሦስተኛው ላይ ሽማግሌው ምርቃታቸውን ገታ አድርገው ወደ በሩ ዞረው «መስኮቱን ዝጉት» አሉ፤ ዳስ ውስጥ መስኮት እንደሌለ ትዝ ያላቸው የለም። ያዳነችው ከሚዜዎቹ አንዷ ናት፤ ወደ ራሷ እጇን ሰደደች፣ ከሹሩባዋ ላይ ቅቤ በጣቷ ጨለፍ አደረገች፣ ማጠፊያውን ቀባችው። ጩኸቱ ወዲያው ቆመ። ፍላሹ ላይ ግን እስከ ዛሬ የቅቤ ሽታ አለ፤ ሲሞቅ ይበልጥ ይሸታል።

በዚያ የሰርግ ሰሞን ማብቂያ ወዳጄ አንድ ውሳኔ ላይ ደረሰ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ብራኬት ሰው ነው። ፍላሹን ከካሜራው ጭራሽ ነጥሎ፣ በሬዲዮ ትሪገር እንዲበራ አድርጎ፣ ረጅም ዘንግ ላይ አስሮ ለአክስቱ ልጅ ሰጠው። ልጁ 15 ዓመቱ ነው። ዘንጉን ሲያነሣው ፍላሹ ከሰው ሁሉ በላይ ይሆናል፤ «ከፍ» ሲሉት ከፍ፣ «ወደ ግራ» ሲሉት ወደ ግራ። አይጮኽም፣ በፀሐይ አይግልም፣ ሩብ ኢንች አይፈልግም፣ ኬላ ላይ መታወቂያ አለው። ብርሃኑም ከጎንና ከላይ ስለሚመጣ ፊት ፊት ይመስላል፤ ጥቁሩ ሚዜም ከሳቲኑ ጨርቅ ላይ ተነሥቶ ይሄዳል። እውነቴን ነው፣ ከብራኬት ፎቶዎቹ ሁሉ እነዚህ ይበልጣሉ።

ግን ዓይንና ሆድ ያለው ብራኬት የራሱ ጠባይ አለው። የዓይኑን ያወቅነው ፎቶዎቹ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ነው። ብርሃን ዘንጉን የያዘው ሰው ወደሚያይበት ይሄዳል፤ በዚያ ሰርግ ከመጀመሪያው ፎቶ እስከ መጨረሻው ወለል ብላ የበራችው ሦስተኛዋ ሚዜ ናት። ሙሽራዋ ግማሽ ፊቷ ይታያል። ሙሽራው በግምት ነው። የሆዱን ያወቅነው ደግሞ ማታ ነው። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ወዳጄ ይኼን ሕግ ያውቀዋል፣ ልጁ አያውቀውም። ከጓዳው በኩል የጥብስ ሽታ ሲመጣ ልጁ ዘንጉን እንደያዘ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ጥቂት ቆይቶ ሌላ እርምጃ ይላል። 2 ሜትር የነበረው 4 ሆነ። ወዳጄ ካሜራው የተበላሸ መስሎት ቁልፍ ይነካካል፣ መነጽሩን ይወለውላል፣ ባትሪ ይለውጣል። ቀና ሲል ዘንጉ ዳሱን ተደግፎ ቆሟል፤ ብራኬቱ የለም።

ለመጪው የሚያዝያ ሰርግ ብራኬትም ልጁንም ይዞ እንዲሄድ ተስማምተናል። ለቀኑና ለጭፈራው ክንዱ የሚታጠፍ፣ ብሎኑ የሰጠመ፣ ቀላል የአሉሚኒየም ብራኬት ታዟል፤ በያጁ የሠራው ቤት ውስጥ በር መደገፊያ ሆኖ በደንብ እያገለገለ ነው። ለማታው የቤተሰብ ፎቶ ልጁ ይመጣል። ልጁ በአበል ተደራድሯል፤ በአበሉ ወዳጄ ብዙም አልተከራከረም። የተከራከሩት ልጁ በራሱ እጅ ባስገባት አንዲት አንቀጽ ላይ ነው፤ በመጨረሻ ወዳጄ ፈርሞባታል፤ ምስክሩ እኔ ነኝ፤ ብራኬቱ ከሁሉም ቀድሞ ይበላል።